በእርሳስ የተጻፈው ደንብ

ሰው ብቻውን አይኖርም፤ ከሌላው ጋራ ለመኖር ደግሞ ደንብ ያስፈልገዋል። ደንብ በሌለበት ስፍራ ጉልበተኛው ሁለት ጊዜ ሲበላ ደካማው አንድም ጊዜ ሳይደርሰው ይቀራል። በተለይም ከብዙ ሰዎች ተሰብስቦ ለችግረኛ የሚሰጥ ገንዘብ ለማን፣ መቼና ስንት እንደሚከፈል አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ሰጪው ወደ ዘመዱ ማዘንበሉ፣ ተቀባዩም ደጅ መጥናቱ አይቀርም። እኔም ይህን እያመንሁ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን ደንብን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ደንብን በሚገባ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት የተማርሁት በሽምግልናዬ፣ ያውም ሰው በድዬ ስለ ሆነ፣ እናንተ ወጣቶች በእኔ ጥፋት ትማሩበት ዘንድ ታሪኩን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ከእናንተ መካከል የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማሩ ብዙዎች ናቸው። ነገ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወይም ለመንደር ማኅበር ፕሮግራም እንድትሠሩ ትጠየቃላችሁ። ጡረታ ለማን ይገባል? ድጎማ ለማን ይከፈል? የሕክምና ርዳታ ማን ያግኝ? እነዚህ ጥያቄዎች ቀድሞ በሹምና በጸሐፊ እጅ የነበሩ ሲሆን፣ ዛሬ የብዙዎቹን መልስ የሚሰጠው ማሽን ነው። ማሽኑ ግን ከራሱ አንዳች አያውቅም፤ የሚናገረው ደንብ ጻፊው የነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት በጠረጴዛው ተቀምጦ የሚጽፋት አንዲት መስመር፣ ፊቱን አይቶት በማያውቀው ሰው ቤት እንጀራ ልታስገባ ወይም ልትከለክል ትችላለች።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥሁ። ዕድር ምን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ሆኖም ከምናገረው ነገር ጋራ ስለሚገናኝ የእኛን አሠራር በአጭሩ ልግለጽላችሁ። አባሉ በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ከቤቱ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋለታል፣ ድንኳን ይተከልለታል፣ ወንበርና የወጥ ድስት ይወጣለታል፣ ገንዘብም ይሰጠዋል። የገንዘቡ ልክ እንደ ሟቹ ዝምድና ይለያያል፤ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእኅት እየተለየ ተወስኗል። አዲስ የገባ አባል የተወሰነ ጊዜ ሳይቆይ ገንዘብ አይቀበልም። ሦስት ወር በተከታታይ መዋጮውን ያልከፈለ ደግሞ ከአባልነት ይሰረዛል። ይህ ሁሉ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በአንቀጽ በአንቀጽ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ማን ምን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በታላላቅ መንግሥታት መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን በእኛም ድንኳን ሥር የሚኖር ጥያቄ ነው።

ከእኔ በፊት የዕድሩ ጸሐፊ የነበሩት ሽማግሌ መዝገቡን ሃያ ሁለት ዓመት ይዘውታል። ባስረከቡኝ ጊዜ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ተመለከትኋቸው። የመዋጮው ሒሳብ በመልካም የእጅ ጽሕፈት በቀለም ተጽፎአል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ደብተር መጨረሻ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ገጽ ነበረበት። ስም አለ፤ ከስሙ አጠገብም «ሐዋሳ ሄዷል»፣ «ታሟል»፣ «ልጁ ይከፍላል»፣ «ጠይቀነዋል፣ ለመስቀል» የሚል ቃል አለ። ግማሹ ተደምስሷል፣ ግማሹ በላዩ ላይ ተጽፎበታል። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመት የማስተማር ሥራዬ የተማሪ ደብተር በቀይ ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ያን ገጽ ዝርክርክነት መስሎኝ ናቅሁት። ምን እንደ ሆነም ሽማግሌውን አልጠየቅኋቸውም።

በ2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር እንዲገባ ወሰነ። ሥራውን በነፃ የተቀበለው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ይህ ልጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እየሠራ የሚተዳደር፣ ጠባዩም የታረመ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ከቤቴ እየመጣ አብረን ተቀመጥን። እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሦስት ነገሮችን ለይቶ ይይዛል። አንደኛው ስለ ሰውየው የሚታወቀው ነገር ነው፤ ይኸውም ስሙ፣ የገባበት ቀን፣ ቤተሰቡ፣ የከፈለው መዋጮ ነው። ሁለተኛው ደንቡ ነው፤ ይኸውም «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይደረግ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛው ደንቡ ከሚታወቀው ነገር ጋራ ሲገናኝ የሚወጣው ውሳኔ ነው። ደንቡ ለብቻው ስለሚቀመጥ፣ ጉባኤው የገንዘቡን ልክ ቢለውጥ አንዲቱን መስመር ማረም ይበቃል እንጂ ፕሮግራሙን እንደ ገና መሥራት አያሻም።

የልጁ ጥያቄዎች መጀመሪያ ሲሰሙ የሕፃን ጥያቄ ይመስሉ ነበር።

«ቲቸር፣ ደንቡ ልጅ ይላል። ልጅ ማለት ማን ነው?» አለኝ።

«የወለደው ነዋ!» አልሁት።

«ያሳደገውስ?»

ዝም አልሁ። በሰፈራችን የሟች እኅታቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ቤቶች አሉና። ነገሩን ለኮሚቴው አቅርበን፣ በአባሉ ቤት ያደገ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ እንዲቆጠር ተወሰነ። ደግሞ ሌላ ቀን «ጳጉሜን እንደ ወር ትቆጠራለች ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኛ በጳጉሜን መዋጮ ሰብስበን አናውቅም፤ ነገር ግን ይህ በየትም አልተጻፈም። ማሽኑ ሳይነገረው ቢቀር ኖሮ አሥራ ሦስተኛ ወር ቆጥሮ ሁላችንንም ባለዕዳ ያደርገን ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ገባኝ፤ ደንብ ብለን የምንጠራው ነገር እኩሌታው በወረቀት ላይ፣ እኩሌታው በሰዎች ልማድ ውስጥ ይኖራል። ሰው ከሰው ጋራ ሲሠራ ልማዱ የደንቡን ጎዶሎ ይሞላል። ወደ ማሽን የሚገባው ግን የተጻፈው እኩሌታ ብቻ ነው።

ይህን ካስተዋልሁ በኋላ መሳሳቴ ነው ጥፋቴን የሚያከብደው። በመጨረሻው ሳምንት ልጁ ወደ መሰረዣው አንቀጽ ደረሰ።

«ሦስት ወር ሲሞላ ወዲያው ይሰረዝ፣ ወይስ መጀመሪያ ሰው ይየው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ደክሞኛል፤ ደግሞም ለሰው ፊት የማያዳላ ሥርዓት ልንሠራ ነው ብዬ ኮርቼ ነበር። «ደንቡ ይሰረዛል ይላል። ደንብ ደንብ ነው» አልሁት። እርሱም ጻፈው።

በመጀመሪያው ዓመት ሥራው አማረ። ሒሳባችን ሳንቲም ሳይጎድል ገጠመ። ቀድሞ በትውውቅ ውዝፋቸውን እያሳደሩ ከሌላው እኩል ሲቀበሉ የኖሩ አንድ ባለጸጋ፣ ማሽኑ እንቢ ቢላቸው ጊዜ ያለባቸውን ሁሉ ከፈሉ። ድኻውም ሀብታሙም በአንድ መስፈሪያ ተሰፈረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማሽን የወገን ፊት አያይም፣ ጉቦም አይቀበልም። ስለዚህ የኋላውን ስነግራችሁ ኮምፒዩተርን የምጠላ ሽማግሌ አድርጋችሁ አትቁጠሩኝ።

በ2014 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ በአንድ ዝናባማ ጧት ስልኬ ጮኸ። የደወለው የዕድሩን ንብረት የሚጠብቅልን ወጣት ነው። በታችኛው መንደር እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ አንዲት ሴት ባለቤቷ ሌሊት ሞቶባት፣ የእኅቷ ልጅ ጥሩንባ ይነፋ፣ ድንኳንም ይውጣ ብሎ መጥቷል። ወጣቱ ስሙን ቢፈልግ ማሽኑ «ተሰርዟል» ብሎ መለሰለት።

«ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ስንት ወር አልከፈለም?»

«አራት ወር።»

«እንግዲህ ደንብ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በስድስት ሰዓት ገደማ ጃንጥላዬን ይዤ፣ እንደ ጎረቤት ልቅሶ ለመድረስ ሄድሁ። በግቢው ውስጥ ሰዎች ላስቲክ በእንጨት ወጥረው በሥሩ ተጠጋግተው ቆመዋል። ላስቲኩ ውሃ እያቆረ ከመካከላቸው ይፈስ ነበር። ሴትዮዋ በራፉ ላይ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ባልዋ አራቱን ወር ሙሉ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ እርሷም ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ እያደረች ስታስታምመው ከረመች። እንጀራ አልጋገረችም። መዋጮ የሚሰበስበው ልጅ ሦስት ጊዜ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ተመልሷል። በመዝገቡም ላይ «አልከፈለም» ብሎ ጻፈ፤ «በሩ ተዘግቷል» ብሎ የሚጽፍበት ቦታ አልተሰጠውምና።

የቀድሞው ጸሐፊ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዚያው ቆመው ነበር። ወደ እኔ ቀረብ ብለው በዝግታ፣ «መምህር፣ በእርሳስ አልያዝኸውም ነበር ወይ?» አሉኝ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ገባኝ። ሽማግሌው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም ሰው በሦስተኛው ወር ሰርዘው አያውቁም። ሦስት ወር የሞላውን ሰው ስም መጀመሪያ በደብተሩ ጀርባ በእርሳስ ይይዛሉ። ከዚያም ጥሩንባ ነፊውን ወደ ሰውየው ቤት ይልካሉ። ጥሩንባ ነፊው ያየውን መጥቶ ይነግራቸዋል፤ እርሳቸውም ያን ከስሙ አጠገብ ይጽፋሉ። በቀለም የሚሰርዙት፣ ሰውየው ሰፈሩን ጥሎ መሄዱ ወይም መክፈል እየቻለ እንቢ ማለቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። እኔ ዝርክርክነት ብዬ የናቅሁት ገጽ የዕድሩ ኅሊና ነበረ። የተጻፈውን ደንብ ወደ ማሽን አስገባሁ፤ የእርሳሱን ደንብ ግን ከነደብተሩ በቁም ሣጥን ቆለፍሁበት።

ለእኔ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ይህን ትምህርት በልጅነቴ ተምሬው የነበረ መሆኑ ነው። ያደግሁት በወለጋ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፊደል የቆጠርሁትም በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት አሥር ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ተማሪ ከስም መጥሪያው ይሰረዝ ነበር፤ ቦታውን የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸውና። የክፍላችን አስተማሪ፣ እኛ «ሚስ» እያልን የምንጠራቸው ሴት፣ ስም ከመሰረዛቸው በፊት ሁለት ተማሪዎች ወደ ልጁ ቤት ይልካሉ። አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነና ከጓደኛዬ ጋራ ሁለት ሰዓት ተጉዘን የአንዱን ልጅ ቤት አገኘን። አባቱ ታመው ተኝተዋል፤ ልጁም ከብቶቹን ይጠብቃል። ተመልሰን የሆነውን ስንነግራቸው፣ ሚስ በመዝገቡ ላይ «ይጠበቅ» ብለው ጻፉ። ከዚያም ለክፍሉ፣ «የቀረበትን ምክንያት አናውቅም ማለትና ምክንያት የለውም ማለት አንድ አይደለም» አሉን። ልጁ ከአንድ ወር በኋላ ተመለሰ። እኔም በኋላ አልጀብራ ሳስተምር፣ ያልታወቀውን ቁጥር ዜሮ ነው ብሎ የሚጀምረውን ተማሪ ስንቱን ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ! ነገር ግን በራሴ መዝገብ ላይ ያልታወቀውን እንደ ዜሮ ቆጠርሁት።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩን ስከታተል፣ በሀብትም በትምህርትም ከእኛ እጅግ የሚርቁ አገሮች በዚያው ጉድጓድ መውደቃቸውን ተረዳሁ። በአውስትራሊያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሕዝቡ «ሮቦዴት» ብሎ የጠራው አሠራር በሥራ ላይ ዋለ። መንግሥት ሥራ ላጡና ለችግረኞች በየሁለት ሳምንቱ ድጎማ ይከፍላል፤ የድጎማው ልክም ሰውየው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ባገኘው ገቢ ይወሰናል። ማሽኑ ግን ከግብር መሥሪያ ቤት የዓመቱን ገቢ ወስዶ በሃያ ስድስት የሁለት ሳምንት ክፍያዎች እኩል ያካፍለው ነበር። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው ግማሹን ዓመት ሠርቶ 26,000 ዶላር አገኘ፣ ግማሹን ዓመት ደግሞ ሥራ አጥቶ በሕግ ድጎማ ተቀበለ እንበል። እውነተኛው ገቢው በአሥራ ሦስቱ ክፍያዎች ሁለት ሁለት ሺህ፣ በአሥራ ሦስቱ ደግሞ ምንም ነው። ማሽኑ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ አንድ ሺህ ያገኝ ነበር ይላል። እንግዲያው ሥራ ባልነበረው ጊዜ የተቀበለው ድጎማ ያለ አግባብ እንደ ተከፈለ ይቆጠርና ዕዳ ይጻፍበታል። ዕዳ የለብኝም የሚል ሰው የብዙ ዓመት የደመወዝ ወረቀቱን ፈልጎ እንዲያመጣ ይታዘዛል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ልዩነት ሲታይ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነገሩን ይመረምር ነበር፤ በአዲሱ አሠራር ግን የመመርመሩ ሸክም በድኻው ትከሻ ላይ ወደቀ። በ2019 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ ይህ ዓይነቱ ዕዳ የሕግ መሠረት እንደሌለው በፍርድ ቤት አመነ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 470,000 የሚሆኑ ዕዳዎች ገንዘባቸው ይመለሳል ብሎ አስታወቀ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የመርማሪ ኮሚሽን ዘገባም አሠራሩን በብርቱ ነቀፈው።

በኔዘርላንድስ ደግሞ የሕፃናት መዋያ ድጎማ የሚቀበሉ ወላጆች ላይ ሌላ ዓይነት ጥፋት ደረሰ። በዚያ የተሠራበት ደንብ «ወይ ሁሉ ወይ ምንም» የሚል ነበር። በማመልከቻው ላይ ፊርማ የጎደለበት፣ ወይም ከራሱ መክፈል ከሚገባው ጥቂት ያጎደለ ወላጅ፣ የዓመቱን ድጎማ በሙሉ እንዲመልስ ይጠየቃል። ሰዎችን ለምርመራ በሚመርጠው የኮምፒዩተር አሠራርም ዜግነት አንዱ መለያ ስለ ነበር፣ ከውጭ አገር የመጡ ቤተሰቦች በተለይ ተጎዱ። ከሃያ ሺህ የሚበልጡ ወላጆች በዕዳ ተዘፈቁ፤ ቤታቸው የፈረሰ፣ ትዳራቸው የተበተነ ብዙዎች ናቸው። በጥር ወር 2021 እ.ኤ.አ. የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ መንግሥት በዚህ ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ። አስተውሉ፤ በሁለቱም አገር ማሽኑ አልተበላሸም። የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ፤ የተበላሸው ትእዛዙ ነው።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በዚያው ቀን ማታ ኮሚቴው ተሰብስቦ ስሙ እንዲመለስ ወሰነ። በማግስቱ ድንኳኑ ተተከለ፣ ገንዘቡም ተሰጠ። ወደ ሴትዮዋ ሄጄ፣ «እኅቴ፣ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የእኔ ነው። ይቅር በዪኝ» አልኋት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ከዚያም መሬት መሬት እያየች፣ «ድንኳኑ በሁለተኛው ቀን መጣ። እርሱ ግን የተቀበረው ትናንት ነው» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም። በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአባላቱ ሁሉ ፊት ቆሜ የሆነውን ነገርሁ። ጸሐፊነቱንም ልለቅ አልሁ፤ እነርሱ ግን መጀመሪያ ያበላሸኸውን አስተካክል አሉኝ።

ልጁን ጠርቼ እንደ ገና ተቀመጥን፤ በዚህ ጊዜ ሽማግሌውም ከነእርሳስ ደብተራቸው ከመካከላችን ነበሩ። አራት ነገሮችን አረምን። አንደኛ፣ በመዝገቡ ላይ «ከፍሏል» እና «አልከፈለም» ከሚሉት ሌላ «አልታወቀም» የሚል ሦስተኛ ቃል ገባ፤ በሩ ተዘግቶ ያገኘ ሰብሳቢ ይህን ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ማንንም ራሱ እንዳይሰርዝ ተደረገ። ሦስት ወር ሲሞላ ስሙን በዝርዝር ያወጣል፤ ሰው ይሄዳል፣ ያየውን ይጽፋል፣ ኮሚቴው ይወስናል። ሦስተኛ፣ ማሽኑ እንቢ ባለ ጊዜ በየትኛው አንቀጽና በየትኛው ማስረጃ እንቢ እንዳለ፣ ቅር ያለውም ሰው ለማን እንደሚያመለክት በግልጽ አማርኛ እንዲያትም ሆነ። «ተሰርዟል» የሚል ደረቅ ቃል በሩን ይዘጋል፤ ምክንያቱን የተነገረው ሰው ግን «ይህ ስሕተት ነው» ለማለት ይችላል። አራተኛ፣ የሞት መልእክት ሲመጣ ድንኳኑ በቅድሚያ ይውጣ፣ የሒሳብ ክርክሩ ከቀብር በኋላ ይሁን ተባለ። በስሕተት ድንኳን ብንሰጥ የምናጣው የአንድ ቀን ሸራ ነው፤ በስሕተት ብንከለክል ግን የተወሰደውን ቀን ማንም አይመልሰውም። ደንብ ጻፊ ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው እንደሚጠገንና የትኛው እንደማይጠገን አስቀድሞ ማመዛዘን ይገባዋል።

ከዚያም ልጁ አንድ ብልኀት ጨመረልን። አዲሱን ደንብ በሥራ ከማዋላችን በፊት፣ በእርሳሱ ገጾች ላይ ያሉትን የሃያ ሁለት ዓመት ጉዳዮች አንድ በአንድ እያስገባ፣ ማሽኑ የሚሰጠውን ውሳኔ ሽማግሌው ከሰጡት ጋራ አስተያየ። ባልተስማሙ ጊዜ ሁሉ ደንቡን መረመርን። አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌው ለወዳጃቸው አድልተው ተገኙና ሳቁ፤ ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው የእኛ ደንብ ነበር።

እንዲህ ማድረግ የሰፈር ሰው የዋህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ደንብ ተመልከቱ። ጉልበት ያለው ችግረኛ እርከን በመሥራት፣ መንገድ በመጥረግና በመሳሰለው የሕዝብ ሥራ ተሰማርቶ ርዳታውን ይቀበላል፤ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከሥራው ወጥታ ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር፣ ወልዳም ስታጠባ እንድትቆይ ተደንግጓል። በአመራረጡ ቅር የተሰኘ ሰው አቤት የሚልበት ኮሚቴም በቀበሌ እንዲኖር በደንቡ ታስቧል። ይህን የጻፉት ሰዎች ሁለት ነገር ያወቁ ናቸው፤ የሰው ሁኔታ ከወር ወደ ወር እንደሚለወጥ፣ መራጭም እንደሚሳሳት።

ወጣቶች ሆይ፣ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በብዙ ነገር እውነት ነው፤ የደንብ ጻፊ ዝምታ ግን ይነቅዛል። እናንተ ሳትናገሩት የቀረውን ነገር ማሽኑ በጭካኔ ይሞላዋል፤ ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም፣ ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ በተሰጣችሁ ጊዜ የተጻፈውን ደንብ አንብባችሁ አትነሡ። ያን ደንብ ብዙ ዓመት በእጃቸው የሠሩበትን ሰዎች ፈልጉ፤ በእርሳስ የሚይዙትንም ጠይቋቸው። «ሰው ይየው ወይ?» የሚል ጥያቄ በልባችሁ ሲነሣ፣ አስተማሪያችሁም ብሆን «ደንብ ደንብ ነው» ቢላችሁ፣ ደግማችሁ ጠይቁ። ተማሪዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆኝ ለአክብሮት ሲል ዝም አለ፤ ደግሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት እርሳሱን አስታውስ ነበር።

ያች ሴት ዛሬም እንጀራ ትጋግራለች፤ መዋጮዋንም ወር ሳታሳልፍ ትከፍላለች። እኔ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ማሽኑ ዝርዝሩን ሲያወጣ፣ ጉልበቴ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ በሩን የማንኳኳው ራሴ ነኝ። ባለፈው ወር በዝርዝሩ ላይ አምስት ስም ነበረ። አንዱ ረስቶት ነው፤ አንዷ ልጇ ዘንድ ሄዳለች፤ ሁለቱ ሥራ አጥተዋል፤ አምስተኛው ቤት ግን ተዘግቶ ስላገኘሁት፣ ነገ ጧት ተመልሼ እሄዳለሁ።